እጁን ሲያነሳ እዩት

በብሩክሊን ፓርክና በዙሪያው ባሉ የአረጋውያን መኖሪያዎች የሌሊት ፈረቃ ከሚገቡት ኢትዮጵያውያን መካከል፣ ደግፎ የሚያነሳውን ሰው ጡንቻና መገጣጠሚያ ከአለቃው በተሻለ የሚያውቅ አይጠፋም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ወይም ሌላ ቦታ ፊዚዮቴራፒ ተምሯል፣ ሆስፒታል ሠርቷል። አሜሪካ ከገባ በኋላ ግን የትምህርት ማስረጃው እስኪመረመር፣ እንግሊዝኛው እስኪፈተን፣ የቤት ኪራዩና የልጆቹ ነገር መልክ እስኪይዝ ዓመታት ይነጉዳሉ። በእነዚያ ዓመታት አንሶላ ይቀይራል፣ ያጎርሳል፣ ዊልቸር ይገፋል። ወረቀቱ ሲሟላለት በሌላ ባለሙያ ተቆጣጣሪነት ወደ ሙያው ይመለሳል፤ ያኔ አንድ ሰው ጥግ ላይ ቆሞ ይመዝነዋል። የምጽፈው በዋናነት ጥግ ላይ ለቆመው ነው። እናቱ ዳሌዋን ካስቀየረች በኋላ ክሊኒክ የሚያመላልሳትና «ይኼ ልጅ ሥራውን ያውቃል?» እያለ በልቡ የሚጠይቅም ቢያነበው አይጠላም።

የወረቀቱን ነገር በአጭሩ ልጨርሰው። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ውጭ አገር የተማረ ፊዚዮቴራፒስት ትምህርቱ ከአሜሪካው ጋር ይነጻጸራል፤ ከ2016 ጀምሮ እዚህ ዕውቅና ያላቸው ትምህርት ቤቶች የሚያስመርቁት በዶክትሬት ደረጃ ስለሆነ ንጽጽሩ ቀላል አይደለም። ብሔራዊው ፈተና ከ200 እስከ 800 በሚደርስ መለኪያ 600 ይጠይቃል። በዚህ ላይ በተቆጣጣሪ ሥር የሚሠራበትን ጊዜ የሚጨምሩ ስቴቶች አሉ፤ የስቴት ቦርዶቹ ፌዴሬሽንም ለዚሁ የሚሆን የመመዘኛ ቅጽ አዘጋጅቷል። እዚሁ ተምራ፣ ልጆች ለማሳደግ ወይም ወላጅ ለማስታመም ዓመታት ከሙያው የራቀችም በተመሳሳይ በር ትገባለች። የእንግሊዝ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ለእንዲህ ያለው ሰው ቀን ቆጥሮለታል፦ ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ለራቀ 30 ቀን፣ ከአምስት ዓመት በላይ ለራቀ 60 ቀን የማደሻ ጊዜ። ቀን መቁጠር ለመሥሪያ ቤት ይመቻል፤ ሰውየው ሠላሳኛው ቀን ላይ ምን እንደሚመስል ግን አይናገርም።

ጆርጅ ሚለር የተባለ የሕክምና ትምህርት ሊቅ በ1990 ብቃትን በአራት እርከን ከፍሎት ነበር፦ ማወቅ፣ አሠራሩን ማወቅ፣ ሲጠየቁ ማሳየት፣ በዕለት ሥራ ላይ ማድረግ። ፈተና ታችኞቹን ሁለት እርከኖች ያያል። ሦስተኛውን ታማሚ መስሎ የሚተውን ሰው አስቀምጦ መፈተን ይቻላል። አራተኛው የሚታየው በአዘቦት ቀን፣ ታማሚው ተኮሳትሮ፣ ሰዓቱ ተጣቦ፣ ስልኩ እየጮኸ ነው። ተመላሹ ስድስት መቶውን አምጥቶ ስለመጣ የታችኞቹ ነገር አልቋል። ጥግ ላይ የቆመው ሰው ድጋሚ ቃለ መጠይቅ ሲያደርግለት፣ የጡንቻ መነሻና መድረሻ ሲያስቆጥረው ካየሁ ጊዜው እየባከነ ነው እላለሁ።

እኔ ተመላሽን ስመዝን ከሁሉ የማስቀድመው ጥያቄ አንድ ነው፦ ያሰበው ሳይሆን ሲቀር ምን ያደርጋል? የቀረው ሁሉ ከዚህ ይመነዘራል።

ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚያየው እጅን ነው። እኛ ደግሞ ወጌሻ ያሳደገን ሰዎች ነን፤ ያስጮኸን «ያውቅበታል» እንላለን። አንዳንድ ወጌሻ በእውነትም አስደናቂ እጅ አለው፤ የወለቀን ትከሻ በጣቱ ዳብሶ ያገኘዋል። ግን የኢትዮጵያ የአጥንት ሐኪሞች በደንብ የሚያውቁት ሌላ ታሪክም አለ፦ ስብራት ላይ ቀርከሃ ተጠፍሮ፣ ደም መተላለፊያ አጥቶ፣ ጠቁሮ የሚመጣ የሕፃን እጅ። ጎበዙን ወጌሻ ከሰነፉ የሚለየው አስተሳሰሩ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጎበዙ ማታውኑ ተመልሶ ጣቶቹን ያያል፤ ቀዝቅዘው እንደሆነ ይነካል፤ ልጁ ጣቱን እንዲያንቀሳቅስ ይለምነዋል፤ ካልተንቀሳቀሰ ያሰረውን ይፈታል። ክሊኒክ ውስጥም የምፈልገው ይህንኑ ነው። ጉልበቱ ስንት ዲግሪ እንደሚታጠፍ ለካ፣ ሠራበት፣ ከዚያ ድጋሚ ለካ ወይስ «አሁን ተሻለዎት አይደል?» ብሎ አለፈ? ሁለተኛውን ልኬት የማይለካ ሰው እጁ ምንም ያህል ቢጣፍጥ፣ ሥራው ሠርቶ እንደሆነ አያውቅም። በጎኒዮሜትር ልኬት አምስት ዲግሪ ያህል ወዲያና ወዲህ ማለት ያለ ነው፤ ሦስት ዲግሪ አገኘሁ ብሎ የሚፈነጥዝም ይህን ማወቅ አለበት።

ከመንካቱ በፊት ያሉትን ደቂቃዎች ደግሞ አትለፏቸው። በሩን አልፎ ሲገባ ዓይኑ የት ያርፋል? አልጋው ሥር ያለው ጫማ ተረከዝ አለው ወይ፤ የዎከሩ እጀታ ለማን ቁመት ተስተካክሎ ቀረ፤ የኦክስጅን ቱቦው ሲነሱ እግር ይጠልፋል ወይ፤ አንደኛው ባት ከሌላው ያብጣል ወይ። ታማሚዋን ከማስነሳቱ በፊት የደም ግፊቷን ካየ፣ ከተነሳች በኋላም ካየ፣ ለምን እንደሚያይ ያውቃል ማለት ነው፦ በቆሙ በሦስት ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ያቺ ሴት ኮሪደር ላይ ልትወድቅ ትችላለች። ሁዳዴ ጾም ላይ ያሉ፣ ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የቆዩ እናት ሲሆኑ ደግሞ ይህ የበለጠ ይከፋል። ጾመው እንደሆነ የሚጠይቅ ተመላሽ ቅጹ ላይ የሌለ ነጥብ አገኘ።

የወገብ ቀበቶ ነገር አንድ ሰሞን ያወዛግባል። እዚህ አገር ታማሚ የሚያራምድ ሰው ታማሚው ወገብ ላይ ቀበቶ ሳያስር ከታየ ጉድ ይባላል። አገር ቤት ግን በብዙ ቦታ ታማሚውን ከቀበቶ ይልቅ የሚይዘው ወንድሙ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ቀበቶ የረሳን ሰው «ለደኅንነት ግድ የለውም» ብሎ መጻፍ ችኮላ ነው። ይነገረው። በማግሥቱ ከረሳው ይጻፍ፤ በሳምንቱ ከረሳው በጎላ ይጻፍ። ልምዱ ውስጥ ያልነበረ ነገርና እያወቁ መተው ለየብቻ ይያዙ፤ ሁለቱን የሚለየው ከተነገረው በኋላ ያለው ቀን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ፤ ሰውን ከወንበር ማስነሳት። ከዚህ የቀለለ የሚመስል ከዚህ የከበደ ሥራ የለም። ደካማው ሠራተኛ በብብት ገብቶ ሽቅብ ይጎትታል። ታማሚው ተነሥቷል፤ የተነሣው ግን በሌላ ሰው ጉልበት ነው፤ ነገም እንዲሁ ይጠብቃል፤ ስትሮክ የመታው ሰው ከሆነ ደግሞ በብብት የተጎተተው ትከሻ ለወራት ያመዋል። ጥሩው ወደ ፊት ዝቅ ብሎ ይጠብቃል። ታማሚው ወደ ወንበሩ ጫፍ ይሳብ፤ እግሮቹን ከጉልበቱ ወደ ኋላ ይመልስ፤ አፍንጫው ከእግር ጣቶቹ በላይ እስኪደርስ ወደ ፊት ያጎንብስ፤ ያኔ መቀመጫው ራሱ ይነሣል። የባለሙያው እጅ በመጀመሪያው ሙከራ ዳሌ ላይ ነው፤ በሁለተኛው ቀበቶው ላይ ብቻ ነው፤ በሦስተኛው አየር ላይ ነው፣ ሳይነካ፣ ለመያዝ ዝግጁ ሆኖ። እጁን የሚያነሳበትን ቅጽበት እዩት። ቀድሞ ካነሳ ታማሚው ይወድቃል፤ ዘግይቶ ካነሳ ታማሚው አይማርም። ይህችን ቅጽበት በትክክል የሚያገኝ ሰው የቀረውን ሊያገኘው ይችላል ብዬ አስባለሁ።

እዚህ ላይ የኛ ተመላሾች የተለየ ችግር አለባቸው፤ የትኛውም ቅጽ አይጠይቀውም። በአስታማሚነት የሠሩባቸው ዓመታት ብዙ ጥሩ ነገር ሰጥተዋቸዋል፤ የታማሚን ገላ አይፈሩም፣ ሽታ አያስደነግጣቸውም፣ የአረጋዊ ፊት ማንበብ ያውቃሉ። ግን ሌሊቱን ስምንት ክፍል የሚያዳርስ አስታማሚ መጠበቅ አይችልም፤ ፈጥኖ አንሥቶ፣ ፈጥኖ አልብሶ ይሄዳል። እጁ ለሌላው ማድረግን ለመደ። አሁን የሚከፈለው ታማሚው ራሱ እስኪያደርገው በመታገሥ ነው። ካልሲውን ለማጥለቅ አምስት ደቂቃ የሚታገሉ አዛውንት ፊት እጁን አጣጥፎ መቀመጥ ለደግ ሰው ፈተና ነው። አስተዳደጋችንም አይፈቅድም፤ «አባባ እየታገሉ ቁጭ ብሎ ያያል» መባል አለ። ስለዚህ ከልክ ያለፈ እርዳታ ስታዩ ደካማ ክህሎት ነው ከማለታችሁ በፊት ጠይቁት። «ለምን አነሣሃቸው?» ሲባል «ስላሳዘኑኝ» ካለ ይማራል። «ሰዓቱ ስላለቀ» ካለም ይማራል። «አይችሉም» ካለ ግን «ሞክረህ አይተሃል?» በሉት፤ እዚያ ላይ ነው ሰውየው የሚታወቀው።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ትንሽ ቁጥር አለ። ታማሚው ከሥራው ሦስት አራተኛውንና ከዚያ በላይ ራሱ ከሠራ «ጥቂት እርዳታ» ይባላል፤ ከግማሽ በላይ ከሆነ «መካከለኛ»፤ ከሩብ እስከ ግማሽ ከሆነ «ከፍተኛ»። ተመላሹ የሰጠውን ደረጃ ከክፍሉ ሳትወጡ ራሳችሁ ገምቱና አወዳድሩ። ለታማሚው አዝኖ ከፍ የሚያደርግ አለ፤ መሻሻል ለማሳየት ብሎ በመጀመሪያው ቀን ዝቅ የሚያደርግም አለ። ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስበኛል።

ያሰበው ሳይሆን ሲቀር ላልኩት ምሳሌ ልስጥ። ጉልበት ካስቀየሩ ሳምንት የሆናቸው ሰው ባታቸውን አመመኝ አሉ፤ ባቱ አብጧል፣ ሙቅ ነው። ማሸት የጀመረ ወደቀ። ሥራውን ያቆመ፣ የሁለቱን ባቶች ዙሪያ የለካ፣ ነርሷንና ሐኪሙን የጠራ አለፈ፤ የደም መርጋት ሊሆን ይችላልና። ወገቤን አመመኝ ብሎ የመጣ ሰው በጨዋታ መሃል «ሽንቴም ከትናንት ጀምሮ እምቢ ብሎኛል፣ እዚህ መቀመጫዬ አካባቢም ይደነዝዘኛል» ቢል፣ የዚያን ቀን ፊዚዮቴራፒ የለም፤ ድንገተኛ ክፍል ነው። እነዚህን በመጽሐፍ የማያውቃቸው ተመላሽ የለም። ጥያቄው በጨዋታ መሃል ሲነገሩት ይሰማቸዋል ወይ ነው። የአሜሪካ ፊዚዮቴራፒ ማኅበር በ2006 ባወጣው የተማሪዎች መመዘኛ ከነበሩት 18 መስፈርቶች አምስቱን ቀይ ባንዲራ አድርጎባቸው ነበር፦ ደኅንነት፣ ሥነ ምግባር፣ ተጠያቂነት፣ ተግባቦትና ክሊኒካዊ አመዛዘን። ከአምስቱ በአንዱ የወደቀን ሰው በሌሎቹ ነጥብ ማካካስ አይቻልም የሚለው አስተሳሰብ ይማርከኛል። ነጥብ ደምሮ ማካፈል ለትምህርት ቤት ሰርተፊኬት ይሁን።

ለዚህ ክርክር ከብሩክሊን ፓርክ ብዙ በማይርቀው ሚኒያፖሊስ ውስጥ ታላቅ ምሳሌ አለ። ኤልዛቤት ኬኒ በ1880 አውስትራሊያ ተወለደች። መደበኛ የነርስነት ምስክር ወረቀት አልነበራትም፤ በገጠር በሽተኛ ታስታምም ነበር። «ሲስተር» የተባለችው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ስታገለግል ባገኘችው የነርስ ማዕረግ እንጂ መነኩሲት ሆና አይደለም። በዚያ ዘመን ፖሊዮ የያዘው ልጅ እግሩና እጁ በጀሶና በስፕሊንት ታስሮ እንዳይነቃነቅ ይደረግ ነበር። እሷ ማሰሪያውን ፈታች። በፈላ ውሃ ተነክሮ የተጨመቀ የሱፍ ጨርቅ በሚያመው ጡንቻ ላይ ጠቀለለች፤ ሕመሙ በረድ ሲል ልጁ ጡንቻውን በሐሳቡ እንዲፈልገውና ራሱ እንዲያንቀሳቅሰው አስተማረችው። በ1940 አሜሪካ መጣች። የሚኒያፖሊስ ሐኪሞች በሽተኞች ሰጥተው ዕድል ሰጧት፤ በታኅሣሥ 1942 በስሟ የተጠራ ተቋም እዚያው ተከፈተ። በ1946 ሆሊውድ በሮዛሊንድ ራስል አማካይነት ፊልም ሠራላት። ተቋሙ ዛሬ ኬሬጅ ኬኒ በሚል ስም ይሠራል።

እስቲ ቅጹን አውጥታችሁ መዝኗት። እጅ፦ ከፍተኛ። ዓይን፦ ከዚያም በላይ፤ ሌሎች ዝለት ብቻ ባዩበት ጡንቻ ላይ እሷ መኮማተር አየች። ታማሚውን ለራሱ እንዲተርፍ ማድረግ፦ ከፍተኛ። ማብራሪያ ላይ ስትደርሱ ግን እርሳሱ ይቆማል። ጡንቻው ከአእምሮ ጋር ተለያይቷል የሚለው ንድፈ ሐሳቧ ብዙ ሐኪሞችን አላሳመነም፤ ሥራዋን በሚጠራጠር ሰው ላይም ቁጡ ነበረች። በ1944 አንድ የሐኪሞች ኮሚቴ በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ ክፉኛ ነቀፋት። በእኔ ቅጽ ላይ በዚህ ረድፍ ዝቅተኛ ትወስዳለች፤ ምክንያቱም ለምን እንደሠራ በትክክል የማያውቅ ሰው መቼ እንደማይሠራም አያውቅም። ከእሷ የሚማረው ሰው ደግሞ ከሥራው ጋር ስሕተቱንም ይወርሳል። ሆኖም ከእሷ ጎን ያሉትን ባለ ዲፕሎማዎችም መዝኗቸው። ማብራሪያቸው የተጣራ፣ ወረቀታቸው የተሟላ ነበር፤ ልጆቹን ግን አስረው አስቀመጧቸው፣ የታሰረው እግር ምን እንደሆነ ፈትተው አላዩም። እኔ ለብቻዋ ክፍል አልሰጣትም ነበር፤ እነሱንም አልሰጣቸውም ነበር።

ወደ ራሳችን ሰዎች እንመለስ፤ ዝም ስለሚል ተመላሽ። በኛ ዘንድ ታላቅ ሲናገር ዝም ማለት ጨዋነት ነው፤ የአሜሪካ ተቆጣጣሪ ደግሞ ዝም ያለውን «አላሰበበትም» ብሎ ይጽፋል። «ገባህ?» ብሎ መጠየቅ አይረዳም፤ በኛ ባህል ያደገ ሁሉ «አዎ» ይላል። «ምን ታስባለህ?» የሚለውም ብዙ አይረዳም፤ የአለቃን ሐሳብ ገምቶ መመለስ ቀላል ነው። የሚረዳው ጥያቄ «ያልመረጥከው ሁለተኛ መንገድ ምን ነበር? ለምን ተውከው?» ነው። ይህን በትሕትና ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። ሁለተኛ መንገድ ያልነበረው ሰው ይታወቃል፤ የነበረው ደግሞ ድንገት አፉ ይፈታል፤ አገር ቤት ስለሠራበት ክፍል ያወራል። እዚያ ላይ አድምጡት። በኢትዮጵያ ሆስፒታል የሠራ ፊዚዮቴራፒስት እዚህ አብዛኛው ሰው በመጽሐፍ ብቻ የሚያውቀውን አይቶ ሊሆን ይችላል፦ ተቃጥሎ የተጣበቀ ክርን፣ አለርት ሆስፒታል የሚታይ የሥጋ ደዌ እጅ፣ ሐምሊን ፊስቱላ ሆስፒታል ደርሰው ከረጅም ምጥ በኋላ በነርቭ ጉዳት እግራቸውን የሚጎትቱ ሴቶች። ማሽን በሌለበት ክፍል የወንበርን ጀርባና የአንሶላን ቁራጭ መሣሪያ ማድረግ ለምዷል። ቅጹ ለዚህ ረድፍ የለውም፤ በኅዳጉ ላይ ጻፉት።

ከአበሻ ታማሚ ጋር ሲሠራ ማየት ደግሞ የራሱ ትምህርት አለው። «እማማ፣ ጉልበትዎ እንዴት አደረ?» «እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ፣ ደህና ነኝ።» ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ያምዎታል ቢባሉም ምስጋናውን ይደግሙታል። ዜሮ ብሎ የጻፈ ተመላሽ ቋንቋውን እንጂ ሴትዮዋን አላዳመጠም። ጥሩው እንዲህ ይላል፦ «ሌሊት ስንት ጊዜ ተነሡ? ሲነሡ ምን ያዙ? ደረጃውን በየትኛው እግር ጀመሩ?» ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ሕመሙ ይወጣል። የሕክምናውን ግብ ሲጽፍም እዩት። «በዎከር 50 ሜትር ትራመዳለች» የሚለው ለኢንሹራንስ ይበቃል፤ እማማ ግን መስገድ ነው የሚፈልጉት፣ ቡና ሲፈላ በርጩማ ላይ መቀመጥ ነው የሚፈልጉት። በርጩማው ደግሞ አደገኛ ነው፦ ዳሌያቸው ከኋላ በኩል ተከፍቶ የተቀየረ ሰው ለተወሰነ ጊዜ ዳሌያቸውን ከ90 ዲግሪ በላይ እንዳያጥፉ ይነገራቸዋል፤ በርጩማ ላይ የተቀመጠ ሰው ጉልበቱ ከዳሌው በላይ ነው። «ዝቅ ያለ ወንበር ላይ አይቀመጡ» ብሎ የነገራቸው መመሪያውን አደረሰ። «ረከቦቱን ጠረጴዛ ላይ እናውጣው፣ እርስዎ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ሆነው ያፈላሉ፤ እስቲ አሁን ያሳዩኝ» ያለው ሕክምና ሠራ። የጉልበት ጉዳይ ሲሆን ደግሞ ወለል ላይ መንበርከክን ትራስ አንጥፎ ደረጃ በደረጃ ያለማምዳል እንጂ ስግደትን በደፈናው አይከለክልም። ለሙስሊም አዛውንት ሱጁድም እንዲሁ ነው። አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቅ፦ አማርኛ የሚችል ባለሙያ ከአማርኛ ተናጋሪ ታማሚ ጋር ሲያምር ማየት ያባብላል። ብሩክሊን ፓርክ የላይቤሪያውያንና የህሞንግ ከተማም ነው። በአስተርጓሚ በኩል ሲሠራ ካላያችሁት ግማሹን አላያችሁትም፤ ከአስተርጓሚው ይልቅ የታማሚውን ፊት እያየ መናገሩን፣ የልጅ ልጅን አስተርጓሚ አለማድረጉን፣ በመጨረሻም «ቤት ሲገቡ ምን እንደሚያደርጉ እስቲ ያሳዩኝ» ማለቱን እዩ።

ማስታወሻው ሌላ መስኮት ነው። ሜዲኬር የሚከፍለው በ15 ደቂቃ አሃድ ነው፤ አንድ አሃድ ለመጠየቅ ቢያንስ 8 ደቂቃ፣ ሁለት ለመጠየቅ 23 ደቂቃ ያስፈልጋል። ይህን ሒሳብ ተመላሹ በሁለት ቀን ይለምደዋል፤ 21 ደቂቃ ሠርቶ 23 መጻፍ ግን ያለመልመድ ጉዳይ አይደለም፤ ያ ሲገኝ ግምገማው ሌላ መልክ ይይዛል። ከሒሳቡ ይልቅ ዓረፍተ ነገሮቹን አነባለሁ። «ታማሚዋ ሕክምናውን በደንብ ተቀብላለች» የሚል ዓረፍተ ነገር በዚህ አገር ቻርት ሁሉ ላይ አለ፣ ምንም አይናገርም። «ግራ እግራቸውን ወደ ኋላ መመለስ ሁለቴ ረሱ፤ በቃል ሲነገራቸው ብቻቸውን ተነሡ፤ አራተኛው ላይ ሳይነገራቸው አደረጉት» የሚለውን ግን ነገ የሚተካው ባለሙያ ይዞት ይሠራል። እንግሊዝኛው ቢሰባበር አልቀንስም። የታማሚዋን ስም ሸፍኜ ሳነበው ማን እንደሆነች ካወቅሁ በቂ ነው። በ2013 በፍርድ ቤት የጸደቀው የጂሞ ስምምነት፣ ታማሚው ባይሻለውም እንዳይብስበት የባለሙያ እጅ ካስፈለገው ሜዲኬር መክፈል እንዳለበት አረጋግጧል። ይህን የማያውቅ ተመላሽ ብዙ ጊዜ የሌለ መሻሻል ፈልጎ ይጽፋል፤ ቢነገረው እፎይ ይላል።

ከሙያው መራቅ ስለሚያበላሸው ነገር ሰው የሚፈራው መርሳትን ነው። እኔ ግን የሚከብደው አሮጌ ዕውቀት ይመስለኛል። የረሳ ሰው መርሳቱን ያውቃል፣ ያነባል። ያልረሳው ግን በእርግጠኝነት ይሠራል፦ ለወገብ ሕመም ተኝቶ ማረፍን ያዛል፣ ለሁሉም ነገር የአልትራሳውንድ ማሽን ይጎትታል፣ ጉልበት የተቀየረላቸውን በራሱ የሚያጣጥፍ ማሽን ላይ ያስተኛል። የአሜሪካ ፊዚዮቴራፒ ማኅበር በ2020 ባወጣው መመሪያ ያ ማሽን ለተለመደው የጉልበት ቅየራ እንዳይደረግ መክሯል። ተመላሹ እንዲህ ያለ አሮጌ ነገር ሲያወጣ ብትጋፈጡት ስሜቱ ይጎዳል፤ የሚሻለው «ከየት አገኘኸው?» ብሎ መጠየቅ ነው። «ፕሮፌሰሬ እንዲህ ነበር የሚሉት» ብሎ ወደ ቤቱ ሄዶ በማግሥቱ አዲሱን መመሪያ አንብቦ የመጣን ሰው ከሁሉም በላይ አስቀምጠዋለሁ።

መዛኙም ይመዘን። አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ተማሪ የሚመዝኑበት ቅጽ 20 ነጥቦች አሉት፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ይሰጠዋል፤ 2 ማለፊያ ነው። ማለፊያው የሚለካው ሥራ ከሚጀምር ባለሙያ አንጻር ነው። ይህችን ሐረግ ብዙ ተቆጣጣሪ ይረሳታል፤ ሃያ ዓመት የሠራ ሰው ተመላሹን ከራሱ ጋር እያነጻጸረ ሁሉንም 1 ይሰጣል። ኤድዋርድ ቶርንዳይክ በ1920 ያሳየው ሌላ ድካም አለ፦ በአንድ ነገር የወደድነውን ሰው በሌላውም ከፍ እናደርገዋለን። ሥርዓት ያለው፣ ቀድሞ የሚመጣ፣ ቡና የሚቀዳ ተመላሽ በእጅ ሥራም 4 ያገኛል። ተቆጣጣሪው የአገር ልጅ ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ ወይ «የእንጀራ ገመዱን አልበጥስም» ብሎ ያሳልፈዋል፣ ወይ «በኛ ስም እንዳያስነቅፈን» ብሎ ሳያስፈልግ ያጠብቅበታል። ሁለቱንም አይቻለሁ። መድኃኒቱ የተለያዩ ታማሚዎች፣ የተለያዩ ቀኖች፣ ከተቻለም ሌላ ዓይን ነው፤ በጉልበት ቅየራ ያማረ ሰው በስትሮክ ላይ ላያምር ይችላልና። ነጥቡንም ከክፍሉ እንደወጣችሁ ጻፉ፤ አርብ ማታ በትዝታ የሚሞላ ቅጽ የሰውየውን ጠባይ እንጂ ሥራውን አይመዘግብም።

የቀረው ፊርማው ነው። ሁሉ ነጥብ ሞልቶ ልብ የማይፈቅድበት ሰው ይገጥማል፤ ነጥቡ ጎድሎ ልብ የሚፈቅድበትም። ያኔ አንድ የሥራ ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ ቅዳሜ ሌላ ፊዚዮቴራፒስት በሌለበት፣ አሥር ስም ያለበት ዝርዝር ይዞ ብቻውን ቢገባ ስልክ የሚደውልበትን ሰዓት ያውቃል? አሥሩንም ሳይደውል የሚጨርስ ያሳስበኛል። ለእያንዳንዱ የሚደውልም ገና ነው። ከአሥሩ መካከል ሁለቱን ለይቶ «እኚህን ሳላስነሣቸው ላናግርሽ» ብሎ የሚደውለውን እፈርምለታለሁ። የማይደውለውን ደግሞ ምክንያቱን በግልጽ ጽፌ፣ ከማን ጋር በየትኛው ታማሚ ላይ እንደሚሠራ ለይቼ፣ የቁጥጥሩን ጊዜ አራዝምለታለሁ። በወሩ መጨረሻ ሳይሆን ያንኑ ቀን፣ ፊት ለፊት ተቀምጠን፣ ቅጹን አብረን እያነበብን።